ቀይ አፈር ገበያ የወጣው ቁልፍ

ሐሙስ ቀን ቀይ አፈር ገበያ ላይ ከሚያውቁት ሰው ሳይገናኙ ማለፍ አይቻልም። እኔም ቱርሚ ያለችውን እኅቴን ጠይቄ በጭነት መኪና ስመለስ፣ ገና ከመውረዴ «መምህር መኮንን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጋሽ ዶላሞ ናቸው። በጥቅል ጎመንና በሽንኩርት ጆንያ መሃል ቆመው ባርኔጣቸውን ያውለበልባሉ።

«ጌታ ነው ያገናኘን» አሉ፣ እጄን ጨብጠው ሳይለቁ። «መኪናችን ወደ ጂንካ ሊመለስ ነው። ና፣ ከጎመኑ ጋር እንጭንሃለን።»

ይህ የሆነው አስፋልቱ ጂንካ ከመድረሱ በፊት ነው። በዚያ ክረምት ከየወረዳው የተመረጡ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጂንካ ላይ ለስድስት ሳምንት እያደሩ ይማሩ ነበር። ሰባ ልጆች ናቸው፤ ሃያ አራቱ ሴቶች። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። የመኝታውን፣ የምግቡን፣ የውሃውንና የሠራተኛውን ጉዳይ በኃላፊነት የምትመራው ሩሃማ የምትባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት የጂንካ ልጅ ነበረች። ጋሽ ዶላሞ በእሷ ሥር የመኝታ ቤት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ በገበያ ቀን ደግሞ አስቤዛ ይገዛሉ። የአሪ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ስድሳውን የተሻገሩ፣ ለልጆቹ ከኪሳቸው ለውዝ የማይጠፋ አባት ናቸው። በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ስለምነቅፋቸው ነው።

ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ከሀብታሙ ጋር ሦስት ሆነን ተጣበን ተቀመጥን። መንገዱ ሲያንገጫግጨን አንድ ነገር ጎኔን ይወጋኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ወገብዎ ላይ ያለው ምንድነው?»

«የሴቶቹ መኝታ ቁልፍ ነው» አሉና በቆዳ ጠፍር ቀበቷቸው ላይ ያሰሩትን ቁልፍ መታ መታ አደረጉት። «ጠዋት ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ቆልፌ ነው የወጣሁት። የሚተኙም ከሆነ እቆልፋለሁ፤ የሚማሩም ከሆነ እቆልፋለሁ።»

«ሩሃማ ይህን ነገር ተዉት አላለችም እንዴ?»

«ብላለች። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ ክፋትም የለባትም። ግን ሐሳቧን ስማልኝ። ቁልፉ ሦስት ቅጂ ይኑረው ትላለች። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ይግባለት ትላለች። ሴት ሠራተኛ አብራቸው ትተኛ፣ ልጆቹ በቀን ሦስት ጊዜ በየስማቸው እየተጠሩ ደብተር ላይ ይመዝገቡ ትላለች። እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ፤ ወረቀት ልጅ ይጠብቃል?»

«ወረቀት አይጠብቅም፤ ቆጣሪው ነው የሚጠብቀው» አልኳቸው፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ።

«ቆጣሪ ይሳሳታል፤ ብረት አይሳሳትም!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «የምህረትን አባት ታውቀዋለህ፤ አቶ ጅሩን። ሐመር ነው። ልጁን ከቱርሚ ይዞ ሲመጣ ምን አለኝ መሰለህ? ‹መንገዱን አላውቀውም፤ ትምህርቱን አላውቀውም፤ ሽበትህን ግን አይቻለሁ፤ ልጄን ለሽበትህ ሰጥቻለሁ› አለኝ። ከምህረት ኋላ ስንት የቱርሚ ልጆች አሉ? አንድ ክፉ ወሬ እዚያ አገር ቢደርስ በሚቀጥለው ክረምት አንዲት ሴት ልጅ አትላክም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። በቁልፍ ካልያዝኩት በምን ልያዘው?»

የሽማግሌው ፍርሃት የእውነት ፍርሃት ነበር። ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ ለስድስት ሳምንት ለማያውቁት ሰው መስጠት ለአንድ አባት ቀላል ነገር አይደለም። ጋሽ ዶላሞም አደራ የሰጧቸውን ሰዎች ልብ እንጂ የራሳቸውን ሥልጣን አልነበረም የሚጠብቁት።

እንዲህ እየተከራከርን ከአንድ ወንዝ ደረስን። ጠዋት በጎማ ልክ የነበረው ውሃ ላይኛው አገር በዘነበ ዝናብ ሞልቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ሀብታሙ ሞተሩን አጠፋ። «አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም ሊሆን ይችላል» አለ። ያኔ ስልኬ ጮኸ። ሩሃማ ናት።

«መምህር፣ ጋሽ ዶላሞን መንገድ ላይ አይተሃቸዋል? ስልካቸው ዝግ ነው።»

«አጠገቤ ናቸው። ምነው?»

«ምህረት መኝታ ቤት ውስጥ ተቆልፎባታል። ጠዋት አተኩሷት ክፍል አልሄደችም፤ ላይኛው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታ ነበር። ልጆቹ ለምሳ ሲመጡ የመስኮቱን ብረት ይዛ ስትንቀጠቀጥ አገኟት። ነርሷ ሲስተር ብዙወርቅ ጣቷን በብረቱ መሃል አስወጥታ ደም ወሰደችላት፤ ወባ ነው። በሃይላንድ ውሃ አቀብለናት ክኒን ዋጠች፤ ግን አስመለሳት። መርፌ ያስፈልጋታል። ቁልፉ የት ነው?»

«ጎኔ ላይ» አልኩ። ከዚያ የወንዙን ነገር ነገርኳት።

«እንግዲያው ስልኩን ለጋሼ ስጥልኝ» አለች። «በሩን ላሰብር ነው፤ ሳልነግራቸው ግን አይሆንም።»

ጋሽ ዶላሞ ስልኩን ተቀብለው አዳመጡ። መጀመሪያ ከአፋቸው የወጣው «በሩ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው» የሚል ነበር። አልዋሽም፣ በዚያች ደቂቃ ተናደድኩባቸው። ልጅ በትኩሳት ስትነድ ስለ ቆርቆሮ በር ያወራሉ! ነገር ግን ሩሃማ የተቆለፈባት ምህረት መሆኗን ሳትነግራቸው አልቀረችም፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

«ስበሩት፣ ልጄ» አሉ። «አሁኑኑ ስበሩት። ዲጅኖው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው።»

ስልኩን መለሱልኝና ከመኪናው ወረዱ። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈተው በእጃቸው ጨብጠው ወደ ውሃው አመሩ። ሮጬ ኮታቸውን ያዝኩ።

«የት ሊሄዱ ነው?»

«ልሻገር። ጠዋት ከመቆለፌ በፊት ማን አለ ብዬ ተጣርቼ ነበር፣ መምህር። ሁለት ጊዜ ተጣራሁ። መልስ የለም። እንዴት ገብቼ አላየሁም?» ወደ ውሃው አንድ እርምጃ ጎተቱኝ። «ልጄን ለሽበትህ ሰጥቻለሁ ነበር ያለኝ።»

ኮታቸውን ሳልለቅ ወንዙ ዳር አንድ ሰዓት ቆምን። የቆየነው አንድ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን የአንድ ሳምንት ያህል ደክሞኝ ነበር።

ውሃው ጎድሎ ተሻግረን ጂንካ ስንደርስ ግቢው ጸጥ ብሏል። የመኝታ ቤቱ የቆርቆሮ በር ከማጠፊያው ተፈልቅቆ በአንድ ጎኑ ተንጋድዷል፤ የያዘው ጓጉንቸሩ ብቻ ነው። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ጋሽ ዶላሞ ጠጋ ብለው ቁልፋቸውን ከተቱና አዞሩት፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ጓጉንቸሩን በመዳፋቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በባጃጅ ምህረት ወደተወሰደችበት ሆስፒታል ሄድን።

ምህረት ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ትኩሳቱ መውረድ ጀምሯል፤ ሐኪሙም «ቶሎ ደርሳችኋል» ብሏል። ጋሽ ዶላሞን ስታይ «ጋሼ፣ አልተቆጣሁም» አለቻቸው። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር፤ እንባቸው መጣ። ወደ ውጭ ወጡና አግዳሚው ላይ ከሩሃማ አጠገብ ተቀምጠው ቁልፉንና ጓጉንቸሩን እጇ ላይ አኖሩላት።

«ውሰጂው። እኔንም አሰናብቺኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖብኛል።»

«ቁልፉን እወስዳለሁ» አለች ሩሃማ። «እርስዎን ግን አልለቅም። ወላጆቹ ልጆቻቸውን የሰጡት ለእርስዎ ነው፤ ለእኔ አይደለም። እኔ የምፈልገው ያንን አደራ በደንብ የምንይዝበትን መንገድ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቀየሙኝ። ዛሬ ጠዋት ስንት ልጆች ከመኝታ ቤት ወጡ?»

«ሃያ አራት።»

«ሃያ ሦስት ነበሩ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «አልቆጠርኩም» አሉ። «በሩን ከቆለፍኩ በቃ፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። ድሮ ጓጉንቸር ሳይኖረኝ እቆጥር ነበር። ቁልፉ ነው መቁጠር ያስተወኝ።»

በዚያች ክረምት ከተናገርኩትም ካስተማርኩትም ሁሉ ይህ ይበልጥ ነበር።

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» ስትል ቀጠለች ሩሃማ። «ልጆቹን ክፍል ውስጥ ማን ጠራቸው? የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነበር።» ወደ እኔም አልዞረችም፤ ጨዋ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። እኅቴን ልጠይቅ ብዬ ልጆቹን «አምስተኛውን ምዕራፍ ራሳችሁ አንብቡ» ብያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሴን ከዳኞቹ ወገን ቆጥሬ ነበር። ጥፋቱን አመንኩ።

ጋሽ ዶላሞ ግን በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። «እሺ» አሉ፣ «ከውስጥ መቀርቀሪያ ከሆነ ልጆቹ በፈለጉ ሰዓት ከፍተው ይወጣሉ። ይህንንስ?»

«ይወጣሉ። ሲታመሙ የሚወጡት፣ እሳት ቢነሣ የሚያመልጡት መክፈት ሲችሉ ነው። ግን በሩን ከፍተው የሚያገኙት ባዶ ሜዳ አይደለም። የወጥ ቤቷ ፀዳለ በሩ አጠገብ ትተኛለች። ዘበኛው ቁልፍ አለው፣ ቢሮ ቁልፍ አለ፣ እርስዎም ቁልፍ አለዎት። ከግቢ የሚወጣ ሠራተኛ፣ እኔም ብሆን፣ የያዘውን ለሌላው አስረክቦ ነው የሚወጣው። ልጆቹን ደግሞ ጠዋት፣ ከምሳ በኋላና ከእራት በኋላ እርስዎ ራስዎ በስማቸው ይጠሯቸዋል። የማን ልጅ እንደከሳች፣ የማን ልጅ እንዳለቀሰች ያኔ ያያሉ። ጓጉንቸር ይህን ያያል?»

«አያይም» አሉ ጋሽ ዶላሞ። «ግን የልጅቱ አባት እሑድ ይመጣል። ለእሱ ምን ልበለው? ከሰማ ይወስዳታል።»

«እውነቱን እንነግረዋለን።»

«አንቺ አትንገሪው» አሉ ቀና ብለው። «አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።»

እሑድ ከጸሎት በኋላ አቶ ጅሩ መጣ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ምህረት ድናለች፤ ከስታለች እንጂ ትስቃለች። ጋሽ ዶላሞ ግቢው ዛፍ ሥር አስቀምጠውት ምንም ሳይደብቁ ከጎመኑ ጀምረው እስከ ዲጅኖው ነገሩት። አማርኛው ሲከብደው ምህረት በሐመርኛ ታስረዳለች። ሩሃማና እኔ ዳር ቆመናል፤ ከዚህ ሰው አፍ በሚወጣው ቃል የስንት ልጆች ትምህርት እንደተንጠለጠለ እናውቃለን።

አቶ ጅሩ ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። በሩ ተጠግኖ ቆሟል፤ ከውስጥ አዲስ መቀርቀሪያ ገብቶለታል፤ ከውጭም በሦስቱ ቁልፎች ይከፈታል። ልጁን ወደ ውስጥ አስገባትና በሩን ዘጋባት። «ክፈቺ» አላት። ከፈተች። «ዝጊ» አላት። ዘጋች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ወደ ጋሽ ዶላሞ ዞሮ ቀስ እያለ በአማርኛ ተናገረ።

«የኛ የከብት በረት በሩ እሾህ ነው። ሲመሽ እሾሁን የሚስበው ውስጥ ያለው ሰው ነው። እዚያው ይተኛል። ከውጭ ዘግቶ ገበያ የሚሄድ ሰው እኔ አላየሁም። አንተ ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«ፈርቼ» አሉ ጋሽ ዶላሞ። «አንተን ፈርቼ።»

አቶ ጅሩ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «ውሸት ብትነግረኝ እወስዳት ነበር» አለ። «ትቆይ።»

ለውጥ ይጎዳል እያሉ የሚፈሩ ሰዎች ካሉ የሚቀጥለውን ክረምት ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ከቱርሚና ከኮልቾ ብቻ ዘጠኝ ሴቶች መጡ። በስድስቱ ሳምንት ውስጥ አራት ልጆች ታመሙ፤ አራቱም ገና ጠዋት ስም ሲጠራ ታውቀው ከቁርስ በፊት ታከሙ። አንዲትም ልጅ ያለ ፈቃድ አልወጣችም፤ ክፉ ወሬም አልተወራም። ሠራተኛውም ማን ምን እንደያዘ ስለሚታወቅ መካሰስ ቀረ። ያ ጓጉንቸር አሁን የሽንኩርቱ ስቶር ላይ ነው ያለው፤ ለሽንኩርት ይበቃዋል።

የመክፈቻው ዕለት አቶ ጅሩ ልጆቹን ጭኖ በመጣው መኪና አጠገብ ቆሞ ነበር። ጋሽ ዶላሞ መነጽር አድርገው፣ ደብተር ይዘው፣ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይጣራሉ። እያንዳንዷን ልጅ ስሟን ጠርተው፣ ፊቷን አይተው፣ «ደህና አደርሽ?» ብለው ነው ምልክት የሚያደርጉት። እኔ እንደ ልማዴ ትንሽ ዘግይቼ በጎን በኩል ልገባ ስል ድምፃቸው ያዘኝ።

«መምህር መኮንን!»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ለአስተማሪዎችም ገጽ አለኝ» አሉና ከጆሯቸው እስክሪብቶውን አወረዱ።