ለሕፃኗ የሚፈርም

— ሄሎ… አቤት። … አዎ፣ ስልኩ የእሱ ነው፤ የማነሳው ግን ሚስቱ ነኝ። ዕቃ ሊያደርስ ሲወጣ ስፌት መኪናዬ ላይ ጥሎት ሄደ። ጭንቅላቱ አንገቱ ላይ ባይተከል ኖሮ እሱንም የሆነ ቦታ ጥሎት ይመጣ ነበር። … ማታ ነው የሚመለሰው። ማን ልበል?

— ሄሎ? … ትሰማኛለህ? … ቆይ፣ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ባለፈው ሰኞ መጥተህ ሻይህን ሳትጨርስ የወጣኸው ቄስ አይደለህም? … ነህ እኮ። ያ ቀጭኑ።

— አንቱ ስላላልኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። ሰኞ ሰኞ እኛ ቤት የሚሰበሰቡት ዘጠኙም የካቶሊክ ቄስ የነበሩ ናቸው፣ አንዱንም አንቱ ብዬው አላውቅም። ለሚስትና ለልጅ ብለው ክህነቱን ትተው ሲመጡ የመጀመሪያ ሱሪያቸውን የምሰፋላቸው እኔ ነኝ። ወገቡን የለካሁትን ሰው አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

— ምን? … ቀስ በል። … ወለደች? ያቺ ካንተ ያረገዘችው? መቼ? … ዛሬ ጠዋት። … በሰባት ወሯ? የሰማይ ያለህ። እሷስ እንዴት ናት? … በቀዶ ጥገና። ብዙ ደም ፈሰሳት። … ገና አልነቃችም። በሕይወት አለች ግን? … ተመስገን። የተወለደውስ ምንድን ነው? … ሴት።

— (አንቺ፣ ማሽኑን አቁሚልኝ። … ማሽኑን!) … አይዞህ፣ ቁልፍ የምትተክልልኝ ሴትዮ ናት። ጆሮዋ ከባድ ነው፣ አጠገቧ ብትፎክርም አትሰማህም። ቀጥል።

— እሺ… ሳንባዋ አልጠነከረም… የሚያስተነፍሰው መሣሪያ እዚያ ትንሹ ሆስፒታል የለም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልትሄድ ነው። … አምቡላንሱስ? … በር ላይ ቆሟል። ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? … የቤተሰብ ፊርማ። እናትየዋ አልነቃችም፣ ወላጆቿ የስድስት ሰዓት መንገድ ይቀራቸዋል። … አንተስ የት ነህ? … ኮሪደሩ ላይ። ምን ለብሰህ?

— የካህን ልብስህን። … ገባኝ። ነርሷም «አባ፣ እንኳን መጡልን» አለችህ፣ አንተም ዝም አልክ።

— ባለቤቴ ቢሆን ያነሳው ቀስ ብሎ፣ በትዕግሥት ያናግርህ ነበር። የደረሰህ ግን እኔ ነኝና ቻለው። የምትፈርመው አንተ ነህ። … ምን ብለህ? … አጎቷ ነኝ ብለህ።

— አጎት። … አይ፣ አልተቆጣሁም። ወንበር ልሳብ።

— ወንድ ልጄን የወለድኩት ባለቤቴ ቄስ ሳለ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አባትየው ፎርሙ ላይ አጎት ብሎ ፈረመ። ለጊዜው ነው አለኝ፣ እኔም ሞኝ ለጊዜው ነው ብዬ ተቀበልኩ። ልጄ እሑድ ከሰዓት ከረሜላ ይዞ የሚመጣ፣ ሲመሽ የሚሄድ አጎት ነበረው። ስምንት ዓመት ሲሞላው ሰውዬው ክህነቱን ትቶ ሻንጣውን ይዞ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጦት «አባትህ እኔ ነኝ» አለው። ልጁ ምን እንዳለው ታውቃለህ? «ታዲያ አጎቴስ የት ሄደ?» … አዎ። ወር ሙሉ እሑድ እሑድ በር ላይ ቁጭ ብሎ አጎቱን ጠበቀ። አባቱ እኮ ቤት ውስጥ ነው ያለው። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ ሲገባ እንደ እንግዳ ብድግ ብሎ ወንበር ይለቅለታል። ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር።

— እዚያ ሌላ ማን አለ? … የመዘምራኑ መሪ። … መቁጠሪያዋን ይዛ እናትየዋ አልጋ አጠገብ። እሷ ከሰማች እስከ ማታ አገር ይሰማዋል ነው የምትለኝ። … ሌላስ? … ባለ ታክሲው? ጠዋት አምጥቷት እስካሁን አልሄደም? … የሕፃኗን ነገር ሳልሰማ አልሄድም አለ። እግዜር ይስጠው፣ እንዲህ ያለ ሰውም አለ።

— እናትህ። … አውቃለሁ። አንተ ስትቀድስ ፊተኛው ወንበር ላይ ሆና እያየች ታለቅሳለች። … አውቃለሁ ልጄ። የእኔ አማት ሦስት ዓመት አላናገረችኝም። እሷም አልሞተች፣ እኔም አልሞትኩ። በአራተኛው ዓመት ቀሚስ ልታሰፋ መጣች፣ አጥብበሽብኛል ብላም ተጣላችኝ።

— ጳጳሱስ ነግረሃቸዋል? … ምን አሉህ? … ሌላ ቁምስና፣ ሌላ አጥቢያ ልንመድብህ እንችላለን፣ ሕፃኑንም በስውር እንረዳለን። … እንዲህ የሚሉ አሉ። «ልጅ ካለህ ቦታህ ልጅህ ጋ ነው» ብለው መርቀው የሸኙም አሉ፣ ከእኛ ዘጠኝ ውስጥ ሦስቱ እንደዚያ ነው የመጡት። አሁን ግን ጳጳሱ ኮሪደሩ ላይ የሉም። አንተ ነህ ያለኸው።

— ሥራ? በዚህ ሰዓት የሥራ ነገር ታየህ? … ከመቀደስ ሌላ አላውቅም። ሁሉም እንዲሁ ብለው ነው የመጡት። አንዱ ዛሬ መስታወት ይቆርጣል። የዘርዓ ክህነት፣ የቄሶች ትምህርት ቤት መምህር የነበረው የሕንፃ ዘበኛ ነው፣ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፣ አሁን የነዋሪዎቹን ልጆች ሒሳብ ያስጠናል። ከሱቁ ኋላ ክፍል አለችን፣ ጠባብ ናት ግን አልጋ አላት። ሱሪውን ለእኔ ተወው። አንተ በረሃብ አትሞትም። ልጅህ ግን አየር ነው ያነሳት።

— በል ሂድ። ስልኩን አትዝጋው፣ ኪስህ ውስጥ ክተተው። እኔ አለሁ። ሦስት ቃል ናት፦ አባቷ እኔ ነኝ። እስቲ መጀመሪያ ለእኔ በለኝ። … አልሰማሁህም። … እ፣ እንደሱ። አሁን እሱኑ ለነርሷ።

— (እየሄደ ነው። … ቄሱ! … ኋላ እነግርሻለሁ፣ አሁን ዝም በይ ልስማበት።) … በር ተከፈተ። … ነርሷ ናት። ቤተሰቧን ካወቁ ይርዱን ትለዋለች፣ አምቡላንሱ ሌላ ቦታ እየተጠራ ነው አለች። … «ለመሆኑ እርስዎ ምኗ ነዎት?» አለችው።

— በል። … በል እንጂ ልጄ። …

— «የቁምስናዋ ቄስ ነኝ» አለ።

— (ቄስ ነኝ አላት! … አዎ፣ ሌላ ምንም አላለም።) ሄሎ… ሄሎ… ከየት ሰምቶኝ፣ ኪሱ ውስጥ ነኝ እኮ። … ነርሷ እንግዲያው ያጥምቋት አለች፣ ሳትጠመቅ መንገድ ላይ እንዳትቀርብን። … ውሃ አመጡ። … እያጠመቃት ነው። እንግዲህ እየው፣ ድምፁ አሁን ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። … ስም አወጣላት። ይህ የማን ስም ነው አለችው ነርሷ፣ የእናቴ ነው አላት። … እንዴት ያሉ ደግ ቄስ ነዎት ትለዋለች።

— (ቆይ፣ ቆይ… ሌላ ሰው ገባ።) ወንድ ነው። የት ጋ ነው የሚፈረመው ይላል። … አንተ ደግሞ ማነህ አለችው። … «አባቷ ነኝ» አለ። … ባለ ታክሲው ነው። … ነርሷም አውቃዋለች፣ ጠዋት ባለ ታክሲ ነኝ ብለኸኝ አልነበር ትለዋለች። … «ባለ ታክሲ ልጅ አይወልድም እንዴ?» አላት። … መታወቂያህን አምጣ አለች። … ወረቀት ይንኮሻኮሻል። … ጎማ ይሰማኛል፣ እየገፏት ነው።

— (ፈረመ፣ አዎ። … አይ፣ እሱ አይደለም። ሌላ ሰው።)

— ሄሎ… አለሁ። … ሰማሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። … ወጣች? ባለ ታክሲውስ? … አምቡላንሱ ውስጥ አብሯት ገባ። … ምን አልክ? … ተመስገን አልክ።

— አዎ፣ ለእሷ ተመስገን ነው። ግን ቅድም ስትደውል ቃል ከአፍህ አልወጣ ብሎህ ነበር፣ አሁን ትንፋሽህ ተመልሷል። የሰው ስም በአንተ ቦታ ተጽፎ ቀለል አለህ። … አልሰደብኩህም። ጆሮዬ የሰማውን ነው የምነግርህ።

— አሁንም አልመሸም። ውጣና ተከተላቸው። እዚያ ስትደርስ ወረቀቱን አስተካክሉልኝ በል፣ ያንንም ሰውዬ ከውሸቱ ገላግለው። ልጅ የጫነ ሁሉ ያሳድጋል ማለት አይደለም፣ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሚስትም ትኖረው ይሆናል። … እ? … አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቅዳሴ አለብህ። … ሰው ይጠብቃል። … ሰውማ ይጠብቃል።

— እናትየዋስ? ነቅታ ልጄስ ስትል? … የመዘምራኑ መሪ አለች። እሷ ምን ብላ ትንገራት? አባቷ ፈርሞ ወሰዳት ብትላት፣ እናትየዋ እኮ አንተ መስለሃት ደስ ሊላት ነው። … ይህን አስበኸዋል? … ሄሎ? … ልጄ፣ ቆይ… ሄሎ?

— (ዘጋው። … መስመሩ አይደለም፣ እሱ ነው የዘጋው። … ሹራቤን አቀብይኝ። … ትንሹ ሆስፒታል፣ እናትየዋ ጋ። … አላውቃትም፣ ስሟንም አልነገረኝም። ዛሬ ጠዋት በሰባት ወሯ የወለደችው ብዬ እጠይቃለሁ። … ምኗ ነሽ ይሉኛል? … ይበሉኝ፣ አንድ ነገሯ እሆናለሁ። ሳትነቃ ልድረስ ብቻ።)