ጀልባዋ አትቆረጥም

— ሄሎ!... ሄሎ!... ማነው?... ጁማሊ? ልጄ፣ አንተ ነህ? ቆይ፣ እንዳትዘጋው፣ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ልውጣ። እዚህ ከጣራው ሥር ኔትወርክ የለም...

— አሁንስ ትሰማኛለህ?... እሰይ። በል ንገረኝ። አባትህ አለ?... ምን አልክ? ጮክ በል፣ ነፋሱ ይወስድብኛል!... አለ? አለ ነው ያልከኝ?... አልሐምዱሊላህ።

— ታዲያ ካለ ይሄ አጎትህ መጋዝ ይዞ ምን ሊሠራ መጣ?... ላኒንጋ ነዋ፣ የአባትህ ታናሽ! ካንተ ቤት ነው የመጣሁት ይላል። በዚያች በታንኳው እየቀዘፈ መጥቶ፣ መጋዙን ጭኑ ላይ አድርጎ ጀልባዬ ላይ ተቀምጦልኛል። ሲያየኝ ማልቀስ ጀመረ። ምነው ስለው አይናገር። እኔማ ሞቷል ብዬ...

— እህ?... አንተ ነህ የላክኸው?

— አባትህ እየተነፈሰ፣ ጀልባውን ቁረጡ ብለህ ሰው ላክህ?

— ላኒንጋ! መጋዙን ከጠርዙ ላይ አንሳው! አንሳው አልኩህ፣ እጅህን እቆርጥበታለሁ!

— አንተን አይደለም ልጄ፣ እሱን ነው። እያወራሁ ሳለሁ እንጨቱን ሊለካ። በል ቀጥል።

— ማን አለ?... አባትህ ራሱ? በገዛ አፉ?

— ...

— አለሁ። አልተቋረጠም፣ አለሁ። እስኪ ደግመህ ንገረኝ፣ እንዳለ። "ጀልባዋን ቁረጧት" አለ... ከዚያስ?... ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላ ምንም አላለ?... ስለ እኔስ?... ምንም።

— ወጉንማ ለእኔ አትንገረኝ። የካሳቫ ገበሬ ልጅ ብሆንም እናንተ ዘንድ አርጅቻለሁ። የባሕር ሰው ሲሞት ጀልባው ይቆረጥና የሬሳ ሣጥኑ ይሆናል፣ በኖረባት ጣውላ ውስጥ ተኝቶ ወደ መቃብሩ ደሴት ይሄዳል። የአያትህ ጀልባ ሲቆረጥ ፍልጡን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ግን ከሞተ በኋላ ነው፣ ጁማሊ! ከሞተ በኋላ! ሰው ገና ሩዝ እየዋጠ ጀልባው ሲቆረጥ የትም አላየሁም።

— አይውጥም?... ከመቼ ወዲህ?... ሾርባውንስ?... እሺ።

— ደግሞ ምን?... ሴቶቹ መጥተው ከፈን እየሰፉ ነው? እዚያው ቤት ውስጥ? እሱ እያያቸው?... መጋረጃ ጋርዳችኋል። ጎበዞች! ጆሮውንስ ጋርዳችሁለታል?

— አልጮህኩም!... እሺ ጮህኩ። ብጮህስ? እኔ ከሱ ተለይቼ እዚህ የቀረሁት ጀልባ ባዶዋን አትተውም፣ የሚሰርግባትን ውኃ የሚጨልፍላት ሰው ያስፈልጋታል ስላላችሁኝ ነው። ሄዶ ይታከም፣ ቶሎ እንመልስልሻለን አላችሁ። ይታይህ እስኪ። ዕድሜ ልኬን መሬት፣ መሬት ስል የኖርኩት እኔ ባሕር ላይ ብቻዬን ተቀምጬ እጨልፋለሁ። መሬት ሲረግጥ የሚያስመልሰው እሱ ደግሞ ሴምፖርና ከተማ ውስጥ ያንተ ቤት ወለል ላይ ተጋድሟል። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር።

— ነርሷ መጣች?... ምን አለች?... ሳንባው ውኃ ይዟል። እሷ ደግሞ! የእሱ ምኑ ነው ውኃ ያልያዘው?

— እንቅልፍስ?... ዐይኑን አይከድንም። ወለሉ አይንቀሳቀስማ! ምን አልኩህ ስትወስደው? በሸራ አንጠልጥለህ እንደ ሕፃን ወዝውዘው አላልኩህም?... ሚስትህ አፈረች? ሰው ታፍራለች? የሷን ልጅ በሸራ ስወዘውዝ መቼ አፍራ ታውቃለች!

— ላኒንጋ፣ ምን ታጉረመርማለህ?... ጁማሊ፣ አጎትህ ምን እንደሚል ልንገርህ? የወንድሜ ቃል ነው፣ ቃሉን ካልፈጸምኩ ነፍሱ በሞገድ ላይ ስትንከራተት ትኖራለች ይላል። አዎ ላኒንጋ፣ ወንድምህ ነው። ለእኔም ባሌ ነው። እስክታገባ ድረስ የማንን ዓሣ ስትበላ ኖርክ? በዚህች ጀልባ ላይ፣ በእነዚህ እጆች የተጠበሰ! አሁን ልትፈልጣት ነው? ቁጭ በል።

— ስማኝ ልጄ። ስልኩን ለአባትህ ስጠው።... መናገር አይችልም ማለት ምን ማለት ነው? ቁረጡ ለማለት ችሎ የለ!... ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል። ጆሮው ላይ ብቻ አድርግለት።... ባትሪዬማ ሊያልቅ ነው፣ ይጮህብኛል። ስለዚህ አታድርቀኝ፣ ስጠው!

— ...

— ሄሎ?... የጁማሊ አባት?... ሄሎ?

— ይሄ ትንፋሽህ ነው?... እኔ ነኝ። ኑርፓያ ነኝ፣ ሌላ ማን ይሆናል።

— አትናገር፣ ዝም ብለህ አድምጥ። ጀልባህ አለች። ማንም አልነካትም። ቆይ፣ ስልኩን ወደ ውኃው ላውርደው... ላኒንጋ፣ ቀሚሴን ያዝልኝ እንዳልወድቅ!... ሰማህ? ሆዷን ሲመታት ሰማህ?... ዛሬ ትንሽ ታቃስታለች። ከአንተ ነው የተማረችው።

— የጁማሊ አባት፣ ለምን ቁረጧት አልክ? ለእኔ ምንም ሳትለኝ? እሷ ከተቆረጠች እኔ በምን እመጣልሃለሁ?

— ቀስ በል... አልሰማሁህም... "ለሣጥን አይደለም"? ታዲያ ለምንድን ነው?

— ለወለል?... የማን ወለል?

— ...

— የኔ?

— ላኒንጋ ዝም በል፣ አልሰማም! ... ቀጥል አንተ። ከጁማሊ ቤት ጎን ምሰሶው ብቻ ቆሞ የቀረው ጅምር ቤት... አውቀዋለሁ፣ ጣውላ ጠፍቶ የቀረው... እና በሷ ጣውላ ወለሉ ይመታል። "አይበሰብስም"... አይበሰብስም፣ አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁ የምፈትገው!... "ይኸው መሬትሽ" ነው የምትለኝ?

— ዝም በል። ዝም በል አንተ ሰውዬ። አሁን ነው የምትሰጠኝ? ጁማሊን ያረገዝኩ ጊዜ፣ እስክወልድ ብቻ እናቴ ዘንድ ልረፍ ብዬ እግርህ ላይ ስወድቅ፣ መሬት ላይ የተወለደ ልጅ ባሕሩ አያውቀውም ብለህ እምቢ አላልከኝም? ማዕበሉ ከወዲያ ወዲህ እያንገላታኝ እዚህችው ላይ አልወለድኩትም? ውኃ እንዳይበላብኝ ቁርጭምጭሚቱን ከጀልባዋ ምሰሶ ጋር አስሬ አላሳደግኩትም? ስንት ዓመት "አንቺ የመሬት ልጅ" እያልክ ሳቅህብኝ! ያኔ ብትሰጠኝ ጨፍሬ እቀበልህ ነበር። አሁን ምን ላድርገው? ብቻዬን ልቀመጥበት?

— አንተስ? አንተስ ወደ መቃብሩ ደሴት በምን ትሄዳለህ?... በምንጣፍ? በምንጣፍ ተጠቅልለህ! እኔ ደግሞ ሣጥንህ ላይ እሳት አንድጄ ሩዝ ልቀቅል? ሣጥንህ ላይ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ? የሰዉስ አፍ ይቅር፣ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል?

— አታልቅስ። ያስልሃል... ይኸው፣ አሳለህ። ቀና አድርጉት! አንድ ሰው ቀና ያድርገው!

— ሄሎ?... ጁማሊ፣ አንተ ነህ? ከንፈሩን በውኃ አርስለት። ያለውን ሰማህ አይደል?... አዎ፣ ለእኔ ቤት። አይ፣ አላዝንብህም። ጀልባ ቁረጡ ሲባል እኛ ዘንድ ከሞት ሌላ ምን ይታሰባል? እኔም ሞትን ነው ያሰብኩት። ቃሉን ሳይጨርስ ትንፋሽ አጠረው፣ እናንተ ደግሞ መርፌና ክር አነሣችሁ። በል አታልቅስ፣ እነዚያን ሰፊዎች ወደየቤታቸው ስደድልኝ።

— ነርሷ እውነቱን ነገረችህ?... አትደብቀኝ፣ እናትህ ነኝ።... ዛሬ ወይ ነገ።

— እንግዲያው ዛሬ እመጣለሁ።... በምን? በእሷ ነዋ!... ሞተሩን ለጥገና አውርደህ ወስደህ የለ፣ በሸራ ነው የምመጣው።... በአጎትህ ታንኳ? በታንኳማ ቶሎ እደርስ ነበር። አባትህ ግን የሚፈልገው እኔን ብቻ አይደለም።... ነፋስ እንዳለ አውቃለሁ፣ ከሌለማ በምን እሄዳለሁ!... ልክ ነህ፣ አንድም ቀን መሪ አስይዞኝ አያውቅም። እሱ ሲይዝ ግን ስንት ዘመን ተቀምጬ አይቻለሁ።

— ላኒንጋ፣ መልሕቁን ሳብ! ... ሳብ እንጂ ምን ታየኛለህ? መጋዙን ወርውረው... ባሕር ውስጥ አይደለም፣ ሞኝ! ታንኳህ ውስጥ። ታንኳህን ከኋላ እሰራት።... የወንድምህ ቃል? ቃሉን እኔ መለስኩለት። ሣጥንም አይደለች፣ ወለልም አይደለች። ጀልባ ናት!

— ጁማሊ፣ አለህ? በሩን ንቀሉ። የቤትህን በር ነዋ! በሩ ላይ አስተኙትና እስከ እንጨት ድልድዩ ጫፍ አውጡት፣ ውኃው እስካለበት። እኔ ጀልባዋን እዚያ አስጠጋለታለሁ።... መንገድ ላይ ቢሞትስ?

— ቢሞት ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። እስክደርስ ማንም እንዳያለቅስ። ካልሞተ ግን፣ ስማኝ ልጄ፣ ካልሞተ እዚህ ቦታው ላይ አስተኛዋለሁ። አንዴ ዐይኑን ይክደን። ሌላውን ሲነቃ እንጨቃጨቅበታለን፣ መቼ አቅቶን ያውቃል።

— ስልኩን መልስለት።

— የጁማሊ አባት! ሸራው ሲወጣ ይሰማሃል? ይሄ የሚንኳኳው ነው... ላኒንጋ፣ ጠበቅ አድርገው!... ምን አልከኝ?... ገመዱን በየት በኩል አሰርሽው?... በግራ ነው ያሰርኩት።... ለምን?... በቀኝ! እሺ፣ በቀኝ። እሺ አልኩህ፣ አትቆጣኝ!

— ...

— አይ፣ ተቆጣኝ። ተቆጣኝ እንጂ! እስክደርስ ተቆጣኝ፣ እንዳታቋርጥ...

— ሄሎ?... የጁማሊ አባት?... ሄሎ!

— ላኒንጋ፣ ጠፋብኝ... ባትሪው ነው። ባትሪው ነው አይደል?... በቀኝ ነው ያለኝ። በቀኝ እሰረው።