ያልተበላሸው አይሱዙ

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር አጠገባቸው ካለች ወጣት ጋር ያወራሉ።

«አሰሪያችሁ መሰብሰብ ከከለከለ፣ ጋሼ፣ የሠራተኛ ማህበሩን የት አቋቋማችሁት?»

«መንገድ ላይ። መኪና ሲበላሽ ከኋላው ቅጠል ይጣል የለ?»

«አዎ።»

«ቅጠል ያየ ሹፌር ጓደኛውን ጥሎ አያልፍም። እኔ ደህናውን አይሱዙ አቆምና ቅጠል እጥላለሁ። የድርጅታችን ሹፌሮች እየደረሱ ይቆማሉ።»

«ከዚያስ?»

«ጋቢናውን ወደ ፊት ደፍተን፣ ሞተር የምናይ መስለን እንወያያለን። በአባልነት የምንፈርመውም እዚያው ነው።»

«የጫናችሁት ሙዝ ፀሐይ ላይ አይበስልባችሁም?»

«ለዚህ ነው ንግግር ማስረዘም የከለከልነው።»

«አሰሪያችሁስ አልጠረጠረም?»

«ብልሽት በዛ ብሎ መካኒክ ላከብን።»

«ተያዛችኋ።»

«መካኒኩ ሞተሩን አየ፤ እኛንም አየ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ‹እኔስ የት ነው የምፈርመው?› አለ።»

«አሁንስ ማህበሩ አለ?»

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ልጄ። መንገዱን ጠይቂው።»

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከኋላው ቅጠል የተጣለለት አይሱዙ አጠገብ ስናልፍ፣ ሞተሩ ላይ ያጎነበሱት ሰዎች እጅ ግራሶ ነክቶት እንደሆነ ለማየት አንገቴን በመስኮት አወጣሁ።