ከማዶ የተሰማ ለቅሶ

ባሌ በደርግ ጊዜ ሸሽቶ ኬንያው ሞያሌ ገባና በአንድ የእርዳታ ድርጅት የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። እኔም ተከተልኩት። ስደት ተባለ እንጂ፣ ከደጃችን ሲቆሙ በኢትዮጵያው ሞያሌ ያለው የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ይታያል። አንድ ቀን ጠዋት ከዚያ ማዶ ዋይታ ሰማሁ። ወዲያው በከብት መንገድ እየተሻገረች ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት፣ ሎኮ፣ ገባች። እንደ ወትሮዋ “ናጋ?” ብላ ሰላም አላለችኝም። “ማን ሞተ?” አልኳት። “ሃዳ ኬ… እናትሽ ናቸው፣ እህቴ” አለችኝ።

“ከሎኮ ጋር ልሂድና ልቅበራት” አልኩት ባሌን፣ እግሩ ላይ ወድቄ። “የከዳ ሰው ሚስት ነሽ፤ ከያዙሽ አይለቁሽም” አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጥሎ ያለው ነው አንጀቴን የቆረጠው። “ደግሞ ዛሬ የአለቃዬ ሚስት ሻይ ጠርታናለች። ፊትሽን ታጠቢና ልበሺ።”

ለበስኩና ሄድኩ። ሴትዮዋ ከአገሯ ገና መምጣቷ ነው። ሻይ እየቀዳችልኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ባሌ ተረጎመልኝ፦ “ዘመዶችሽ ሩቅ ናቸው ወይ ነው የምትልሽ።” ለቅሶው በመስኮቱ ይሰማል።

“በጣም ሩቅ ናቸው በላት” አልኩት።

ሳያፍር ተረጎመላት።