ዘጠኙ ትርፍ ኪኒኖች

— ሄሎ?... አቤት፣ ወንድም ጋሼ። ደህና ነኝ።... ስፌት ቤት ነኛ፣ ሌላ የት እሆናለሁ? ቆይ የስፌት መኪናውን ላቁመው... እሺ፣ አሁን ትሰማኛለህ?

— ቅዳሜ? ምን ልታደርግ ነው የምትመጣው?... ልጄን ልትወስድ? ቆይ፣ ቆይ! ማነው የወሰነው?... አሃ፣ እናንተ ተሰብስባችሁ ትወስናላችሁ፣ ለእኔ በስልክ ይነገረኛል!

— አዎ፣ ታምሜ ነበር። በዓመት ሦስት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቻለሁ። ግን መድኃኒቷን አትወስድም ያለህ ማነው?... ቆጠርክ? እኔ ሆስፒታል ተኝቼ፣ አንተ መሳቢያዬን ከፍተህ የኤችአይቪ ኪኒኔን ቆጠርክ?... ዘጠኝ ትርፍ አገኘህና ዘጠኝ ቀን ዘልላለች ብለህ ለዘመድ አዝማዱ አወጅክ! ጉድ እኮ ነው!

— እትዬ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ቀሚስዎ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። ወንድሜ ነው፣ ብጮህ አይደንግጡ።

— ደንበኛ ናቸው።... ለምን ቀስ ብዬ አወራለሁ? አስራ አንድ ዓመት ከቫይረሱ ጋር ኖሬ ዛሬ ላንሾካሹክ? ይስሙ!

— አሁን አንተም ስማኝ። በየቀጠሮው የሚሰጡኝ ኪኒን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ከሚበቃኝ በሦስት ይበልጣል። መንገድ ቢዘጋ፣ ቢያመኝ፣ እንዳይቋረጥብኝ። ሦስቱ ይተርፋሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ሦስት ይተርፋሉ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ስንት ይተርፈኛል?... ዘጠኝ! ጎበዝ! የሒሳብ አስተማሪ ሆነህ ይቺ ጠፋችህ?

— ታዲያ ለምን ትታመሚያለሽ ነው የምትለው? እኔም ይሄንኑ ነው ሐኪሟን የጠየቅኳት። ቫይረሱ ደሜ ውስጥ በምርመራ መታየት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። እሷም ግራ ሲገባት፣ ክሊኒኩ ለሚያካሂደው ጥናት ደም ስጪ አለችኝ። ትናንት ውጤቱን ነገረችኝ... ዘረ መል ነው። ከእናት ካባት የምንወርሰው። እኔ ላይ ትንሽ ልዩነት አለ፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው ላይ ሲሆን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። አንዱ እንደኔው መድኃኒቱን እየዋጠ ጉንፋን እንኳ አይደፍረውም፣ እኔን ደግሞ አልጋ ላይ ይጥለኛል።... አይ፣ ምክንያቱ እሱ ብቻ ነው አላለችም፣ ገና እየተጠና ነው። ግን ስንፍና አይደለም። ወንድም ጋሼ፣ ስንፍና አይደለም!

— ሄሎ?... ልጄስ?... አዎ። ልትወርሰው ትችላለች። ጠይቄያለሁ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሜም አልቅሻለሁ። ግን እሷ ቫይረሱ የለባትም። ደግሞ ወርሳው ከሆነ አንተ ቤት ስላደረች ይለቃታል? አንተስ? የወለዱን አንድ እናትና አባት አይደሉም? አንተንስ ማን ይውሰድህ?

— ማነው እዚያ የሚያለቅሰው?... እማዬ አጠገብህ ናት?... ስጣት። አሁኑኑ ስጣት አልኩህ!

— እማዬ! አዎ፣ እኔ ነኝ።... አንድም ቀን አልዘለልኩም። አንድም ቀን፣ እማዬ!... አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ? ካንቺ ይሁን ከአባዬ ማን ያውቃል? ብታውቂስ መርጠሽ አልሰጠሽኝም። አታልቅሺ እንጂ።... ደግሞ የወረስኩት እሱን ብቻ መሰለሽ? ይሄ እልኬ ከማን የመጣ ነው?... እሰይ፣ እንዲህ ሳቂልኝ።... እውነት? አንቺም ትመጫለሽ? ነይልኝ። በይ ስልኩን መልሺለት።

— ወንድም ጋሼ፣ ቅዳሜ እማዬን ይዘህ ና፣ ምሳ አብረን እንበላለን። የልጄን ልብስ ግን አልሸክፍም። የነገርካቸውን ሰዎች ደግሞ አንድ በአንድ ደውልላቸው፤ ተሳስቼ ነው የቆጠርኩት በላቸው።... ሌላ ጊዜ እናወራለን፣ አሁን ልዝጋው። ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ሰዓት ደርሷል።