የባህረዲን ሳቂታ አይጥና የሉብና ምርጫ

በ2001 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አይጥ ትዕግሥቴን ጨረሰችው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩበትን ደብተር ከነሽፋኑ ቆርጥማ ስትበላብኝ፣ «በቃ! ወይ እሷ ወይ እኔ!» ብዬ ጃንጥላዬን አንጠልጥዬ መርካቶ ወረድኩ። መርዝ የሚሸጥበትን እያፈላለግሁ ሳለ ፍራሽ የተሸከመ አንድ ሰው «ዞር በሉ!» ብሎ ከነፍራሹ ገፋኝና አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ወረወረኝ። ልሰድበው ዞር ስል ጠፍቷል። ወደ ውስጥ ስመለከት የቀድሞ ተማሪዬ ሉብና ዓይኗ በልቅሶ ቀልቶ ካርቶን ላይ ተቀምጣለች።

«ቲቸር ማስረሻ! አላህ ነው የላከዎት!» አለች ብድግ ብላ።

«ለኔ ነው እንጂ የላከልኝ!» አሉ አባቷ ጋሼ ባህረዲን፣ በርጩማ እየሳቡልኝ። «ይቀመጡ መምህር። ይቺን ልጅ አስተምረው ለዚህ አደረሱልኝ፤ አሁን ደግሞ አንድ ምክር ይጨምሩልኝ። ሰው እንዴት ሥዕል ልማር ብሎ አባቱን ያስለቅሳል?»

የሚያለቅሱት ግን እሳቸው አልነበሩም።

ነገሩ ይህ ነው። የኮሌጁ ምዝገባ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ፎርሙ ላይ አባቷ ካልፈረሙ አይቀበሏትም። እሳቸው «አካውንቲንግ ካልሆነ እስክሪብቶ አልነካም» ብለዋል፤ እሷ ደግሞ ግራፊክ ዲዛይን ካልሆነ ቤት መቀመጥ ይሻለኛል ትላለች። ያን ጊዜ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር።

«የወንድሜ የሀምዳን ልጅ አካውንቲንግ ተማረ» አሉ ጋሼ ባህረዲን ጣታቸውን እያጠፉ። «የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ። የሱቅ ጎረቤቴ የጠይብ ልጆች፣ ሁለቱም አካውንቲንግ! የኔዋ ቀለም ስትሞነጫጭር ልትውል ነው?»

«አባዬ፣ ሥዕል ብቻ አይደለም አልኩህ እኮ። ግራፊክ ዲዛይንና ቪዥዋል ኮሙኒኬሽን ነው።»

«ስሙ ስለረዘመ ሥዕልነቱ ቀረ? ወላሂ መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን።»

እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ ፈረድኩ። «ሉብና፣ አባትሽ ጠልተውሽ አይደለም። ዋናውን ሙያ ያዥ፤ ሥዕሉን በትርፍ ጊዜሽ ትደርሽበታለሽ» አልኳት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ስለ ሙያው አንድ ቃል ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። እኛ የተማርን ሰዎች ይሄ በሽታ አለብን፤ ካልተጠየቅን ይከፋናል፣ ስንጠየቅ ደግሞ የማናውቀውን እንመክራለን።

«እርስዎም ቲቸር?» አለችኝ። ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና ወደ አባቷ ዞረች። «እሺ አባዬ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። የክፍለ ሀገር ደንበኞችህ ዕቃውን ምን ብለው ነው የሚጠሩት?»

«ባለ ዶሮው፣ ባለ ቁልፉ፣ ባለ ግመሉ… መርካቶ ተወልደሽ ይሄ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። የሚገዙት በሥዕሉ ነው ማለት ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ኮሌጅ ምን ያደርጋል? ኮምፒዩተር ቤቱ እያለ! በአንድ ቀን ይጨርስልኛል። ይኸው!» ብለው ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ካርቶን አውርደው ሰጡኝ።

የአይጥ መርዝ ነበር። የምፈልገው ዕቃ በእጄ ገባ ብዬ ደስ ሲለኝ ሥዕሉን አየሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ አይጥ አላየሁም። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ጢሙ የተበጠረ፣ የስንዴ ዛላ ታቅፎ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ አይጥ!

«ማማሩ!» አሉ ጋሼ ባህረዲን በኩራት። «ሥዕሉ ካማረ ገበያው ያምራል ብዬ፣ ወፍራሙን አይጥ ፈልግልኝ፣ ፊቱንም ፈገግ አድርገው አልኩት።»

«ታዲያ ለምን ከመደርደሪያ አልወርድም አለ?» አለች ሉብና።

«የገበያ መቀዝቀዝ ነው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ እትዬ የሻሽወርቅ ገቡ። ከደብረ ብርሃን እየመጡ ለገጠር ሱቅ ዕቃ የሚያወርዱ ሴትዮ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፣ በንግድ ግን የሚያሞኛቸው የለም። አምስት ያልተከፈቱ ካርቶኖች ባንኮኒው ላይ ዘረገፉ።

«ጋሼ ባህረዲን፣ ዕቃዎን ይቀበሉኝ።»

«ኧረ በአላህ! ምን ሆነ?»

«ምን ያልሆነ አለ? አንዱ ገበሬ ሥዕሉን አይቶ፣ 'አይጡ ይህን በልቶ እንዲህ ካማረበት ለበጎቼ ይሁነኝ' አለኝ!»

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ባህረዲን ግን ሲገላምጡኝ ዋጥ አደረግሁት።

«ይሄስ ያስቃል» አሉ እትዬ የሻሽወርቅ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የልጄ ልጅ ግን ከረሜላ መስሏት ካርቶኑን ልትከፍት ስትታገል ነው የደረስኩት። ከእጇ ነጥቄ ስጮህ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ደቂቃ ብዘገይስ ኖሮ? ሁለተኛ እቤቴ አይገባም።»

ጋሼ ባህረዲን «ያ ረቢ!» ብለው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ከልባቸው ነበር የደነገጡት።

ሉብና ካርቶን ቀደደችና ማርከር አነሳች። መሳል ግን አልጀመረችም፤ መጀመሪያ ጠየቀች።

«እትዬ፣ በእናንተ አገር እህል የሚቀመጠው በምንድን ነው?»

«በጎተራ።»

«ልጆች አይተው የሚሸሹት ምልክትስ አለ?»

«በመብራት ምሰሶው ላይ ያለው የራስ ቅል ነዋ! እሱን ካዩ ዝር አይሉም።»

ያን ጊዜ ሳለች። አፉ ድረስ የሞላ ጎተራ፤ ከሥሩ እግሩን ሰቅሎ በጀርባው የተንጋለለ አይጥ፤ ከላይ ትልቅ የራስ ቅል፤ ከጎኑ በጥቁር መስመር የተሰረዘ የሕፃን እጅ። እትዬ የሻሽወርቅ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«አይጡ ሞተ። እህሉ ተረፈ። ልጅ እንዳይነካው» አሉ። «ይሄን ካደረጋችሁበት እወስዳለሁ።»

ጋሼ ባህረዲን ከበርጩማው ብድግ አሉ። «መምህር፣ ሰሙ? አነበቡት እኮ! ያለ ፊደል አነበቡት!»

«ሦስት ዓመት የምማረው ይህንን ነው አባዬ» አለች ሉብና። «ማን ያየዋል? ምን ያውቃል? ምን ይፈራል? መጀመሪያ ይሄ ይጠየቃል። ከዚያ ፊደሉ ከሩቅ እንዴት ይነበብ፣ ቀለሙ ማተሚያ ቤት ሲገባ እንዴት አይበላሽ፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት አለው። ኮምፒዩተር ቤቱ ያዘዝከውን ሠራልህ እንጂ ማን ያየዋል ብሎ አልጠየቀህም።»

መቼም ነጋዴ በአንዴ አይረታም፤ ጋሼ ባህረዲንም አንድ ምሽግ ቀርቷቸው ነበር። «እሺ፣ ሙያው ሙያ ይሁን። ኮሌጁስ? ዛሬ እኮ ፎቅ ተከራይቶ ታፔላ የሰቀለ ሁሉ ኮሌጅ ነኝ ይላል!»

«እሱንም አይቻለሁ። ሁለት ቦታ ሄጄ ነበር። አንደኛው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሰጠኝ፤ ክፍሉን አሳዩኝ ስል ቁልፉ ጠፋ አሉኝ። ሁለተኛው ጋ ተማሪዎቹ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አየሁ። ኮምፒዩተሮቹን አስከፍቼ መሥራታቸውን አረጋገጥኩ። የማስተማር ፈቃድ እንዳላቸው ጠየቅኩ፤ ያስመረቋቸው ልጆች የት እንደሚሠሩ ጠይቄ ሁለቱን ሥራ ቦታቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው።»

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነሃ! ብርድ ልብስ ስትገዛ ከላይ ያለውን ትተህ ከመሃል አውጡልኝ የምትል ማን ነው?»

ጋሼ ባህረዲን ተሸነፉ። መሸነፋቸውንም ያወቅሁት ጃኬታቸውን ለብሰው «ጠይብ! ሱቁን እይልኝ!» ብለው ሲጮሁ ነው። እኔም የመጣሁበትን ረስቼ ተከተልኳቸው። ታክሲ በግፊያ አግኝተን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ሰልፉ እስከ በሩ ነበር።

ከፊታችን ዘይኑዲን የሚባል ብረታ ብረት ነጋዴ ልጁን ይዞ ቆሟል።

«ለምን ትምህርት ነው?» አሉት ጋሼ ባህረዲን።

«ለአካውንቲንግ ነዋ! ሌላ ምን አለ?»

«ልጁን ጠይቀኸዋል?»

«ልጅ ይጠየቃል እንዴ?»

«አጂብ!» አሉ ጋሼ ባህረዲን፣ ሱቃቸው ውስጥ የተናገሩትን ሁሉ እንዳልተናገሩ ሆነው። «ስማኝ ወንድሜ፤ አካውንቲንግ ጥሩ ነው፣ ለወደደው። ግን ሁሉም ሒሳብ ያዥ ከሆነ የሚያዘውን ሒሳብ ማን ያመጣዋል? ፋብሪካው የካርቶን ሥዕል የሚሠራለት ይፈልጋል። ሆስፒታሉ በሽተኛ እንዳይጠፋበት ምልክት ይፈልጋል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይሄ መርዝ ነው፣ ይሄ ምግብ ነው ብሎ የሚነግረው ይፈልጋል። ይሄ የሰው ነፍስ ነው! ልጅህን ጠይቀው፤ ትምህርት ቤቱንም እንደ ዕቃ ከመሃል አውጥተህ እየው።»

«ያንተዋ ልጅ ግን ጎበዝ ናት?» አለ ዘይኑዲን።

ጋሼ ባህረዲን ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሉብና ከጎናቸው ፎርሙን እየሞላች ነበር፤ እሷም እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ትበልጠኛለች» አሉ። «እኔ ሃያ ዓመት ለሰው ስሸጥ ኖርኩ እንጂ ምን እንደሚታያቸው አንድ ቀን ጠይቄአቸው አላውቅም። እሷ ዛሬ ጠየቀች።»

ሉብና አባቷ እንዲህ ሲሉላት ሰምታ አታውቅም። አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ እንባዋ በፎርሙ ላይ ወርዶ ስሟን አጠፋው። መዝጋቢዋ «ይሄማ አያገለግልም» ብላ ሌላ ሰጠቻት። ጋሼ ባህረዲን እስክሪብቶውን ከልጃቸው እጅ ወሰዱና ገና ስሟ ሳይጻፍበት ፈረሙ።