ትልቁ ቸርኬ ወይስ ትንሹ?

ዛሬ በታክሲ ከዳባት ወደ ደባርቅ ስንሄድ የሰማሁትን ሳልጽፍ አላድርም! ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት መካኒክ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የሳይክል ቸርኬ ጭኗ ላይ ይዛለች። አጠገቧ ያሉት አዛውንት በቅሎ አከራይ ዝም ማለት አልቻሉም።

«ምን ልትሠሪበት ነው ልጄ?»

«ለእህቴ በሞተር የምትሄድ ሳይክል፣ አባባ። መምህርት ናት፤ ትምህርት ቤቷ ተራራው ላይ ነው። ሦስት ሰዓት በእግሯ መውጣቱ አድክሟት ሥራውን ልትተው ነው።»

«ገብስ ትበላለች ሳይክሏ?»

«ባትሪ ነው የምትበላው።»

«መብራት በጠፋ ቀን ጦሟን ልትውል ነው በይኛ!»

«ይሳቁብኝ! እኔ ጨንቆኛል። ትልቁ ድንጋይ ይሻገራል፤ ትንሹ ዳገት ይችላል። ደባርቅ ስደርስ አንዱን ለገዛሁበት ሱቅ መልሼ ለቀረው ጥንድ እወስዳለሁ።»

«በቅሎ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሚቀመጥባት ነው። እህትሽ ረጅም ናት?»

«አጭር ናት።»

«በትልቁ ላይ ሆና ብትቆም እግሯ መሬት ይነካል?»

«ውይ... እሱንስ አላሰብኩትም።»

«ድንጋዩን ቀድሞ የሚያገኘው የፊተኛው ነው። ትልቁን ከፊት፣ ትንሹን ከኋላ ብታደርጊውስ?»

«ሞተሩም እኮ ከኋላ ነው፤ ዳገቱን የሚገፋው ትንሹ ይሆናል፣ መቀመጫዋም ዝቅ ይላል... ይሆናል! አባባ፣ ይሆናል! አሁን ወፍራም ጎማ ብቻ ነው የምፈልገው!»

እኔም ከኋላቸው ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ የራሴ እግር የታክሲውን ወለል መንካት አለመንካቱን ለካሁ።